አንቴናው ደኅና ነበር

በ2013 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ፣ ድፍድፍ ነዳጅ ከአንጎላ ወደ ቻይና በምታመላልስ መርከብ ላይ ስሠራ፣ የመርከቧ ሰው ሁሉ የሚካፈለውን ኢንተርኔት ለራሴ ላፕቶፕ ሰረቅሁ። ስርቆቱ በአንድ ሰው ላይ ሊያደርስ ያለውን ጉዳት ባየሁ ጊዜም፣ ገና ማዳን እየቻልሁ፣ ዋሸሁ። የዋሸሁት በሙያዬ ነው፤ ሰውየው ሊመረምረው በማይችለው ነገር። ስለ ስርቆቱ ለቅርብ ጓደኛ ተናግሬ አውቃለሁ። ስለ ውሸቱ ግን እስካለፈው ዓመት ድረስ ለባለቤቴም ትንፍሽ አላልሁም።

መርከበኞች ኢቲኦ ይሉኛል፤ የመርከብ የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መኮንን ማለት ነው። ማዕረጉ በዓለም አቀፍ ደረጃ ራሱን ችሎ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2010 ማኒላ ላይ በተሻሻለው የመርከበኞች ሥልጠና ስምምነት ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩት አልፈን፣ ጣና ዳር ተምረን ውቅያኖስ ላይ የምንሠራ ልጆች ጥቂት አይደለንም። ጄኔሬተሩን፣ ማንቂያ ደወሉን፣ የሞተሩን መቆጣጠሪያ፣ ራዳሩን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ኢንተርኔቱም ወደ እኔው ይመጣል፤ መርከብ ላይ ሌላ የሚጠራ ባለሙያ የለምና። የራውተሩ የይለፍ ቃል በካፒቴኑና በእኔ እጅ ነበር። ካፒቴኑ ግን ከፍተው አይተውት አያውቁም። ሥራውን ለእኔ ጥለውታል፤ ያምኑኝ ነበር።

ባሕር ላይ ኖሮ ለማያውቅ ሰው ነገሩን ላስረዳ። ከዳርቻ በአሥሮች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ከተራቀ በኋላ የስልክ ኔትወርክ የለም። በእኛ መርከብ የነበረው ቪሳት የሚባለው ነው፤ ከብሪጁ፣ መርከቧ ከምትመራበት ክፍል፣ ጣሪያ በላይ፣ ነጭ ድቡልቡል ሽፋን ውስጥ የተቀመጠ ሳህን። ሳህኑ የሚያየው ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሳተላይት ነው። ሳተላይቱ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ከታች ለሚያየው አንድ ቦታ የቆመ ይመስላል፤ የማትቆመው መርከቧ ናት። ስለዚህ ሽፋኑ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ሞተሮች፣ መርከቧ ስትንገዋለልና አቅጣጫ ስትለውጥ፣ ከጋይሮ ኮምፓሱ የመርከቧን አቅጣጫ እየተቀበሉ ሳህኑን ያለ ዕረፍት ወደ ሳተላይቱ ያዞሩታል። ጥያቄ ወጥቶ መልስ እስኪመጣ ከግማሽ ሴኮንድ በላይ ይፈጃል። ቤትህ ደውለህ "ሃሎ" ብለህ ዝም ትላለህ፤ ከዚያ ሁለታችሁም በአንዴ ትናገራላችሁ፣ ሁለታችሁም በአንዴ ታቆማላችሁ። የጭስ ማውጫው ግንብ ወይም ምሰሶው በሳህኑና በሳተላይቱ መካከል ከገባ ደግሞ መስመሩ ይቋረጣል። ይህ እውነት ነው፤ በብዙ መርከብ ያለ ነው። በኋላ የምናገረው ውሸት የተሠራው ከዚህ እውነት ነው።

ምልክቱ ከሰማይ ከወረደ በኋላም መርከብ ብረት ናት። ዋይፋይ የብረት ግድግዳ እንደ ልቡ አያልፍም፤ ስለዚህ በደንብ የሚያዘው መመገቢያ ክፍሉ ውስጥና በመኝታ ክፍሎቹ መተላለፊያ ላይ ብቻ ነበር። የመኮንኖች ካቢን የኬብል መሰኪያ ነበረው፤ የሌሎቹ ሠራተኞች ግን አልነበረውም። ነዳጅ ጫኝ ላይ ብልጭታ ስለሚፈራ ተራ ስልክ ይዞ ከመኖሪያው ውጭ መውጣት ክልክል ነው። እናም ማታ ማታ ከሥራ የወጣ ሰው ሁሉ ስልኩንና ላፕቶፑን ይዞ መመገቢያ ክፍል ይሰበሰባል። ቦታ ያጣው መተላለፊያው ወለል ላይ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ይቀመጣል።

ድርጅቱ በየወሩ የሚከፍልበት የዳታ መጠን የተወሰነ ነበር። የመርከቧም ሥራ የሠራተኛውም ወሬ ከዚያው ነው የሚቀዳው፤ ሠራተኛው ድርሻውን በየሳምንቱ በኮድ ወረቀት ይቀበላል። የአንድ ሰው ድርሻ አንድ ፊልም አያወርድም። ሰዉ በዚያች እንዴት ይኖር እንደነበር ሳስብ ዛሬም ልቤ ይነካል። መልእክታቸውን ቀን ያለ መስመር ጽፈው ያስቀምጡና ማታ ለሁለት ደቂቃ ከፍተው ይልካሉ፤ የመጣላቸውን ተቀብለው ወዲያው ይዘጋሉ፤ አልጋቸው ላይ ተኝተው ያነቡታል። ፎቶ በራሱ እንዳይወርድ ያጠፉታል። አንድ ፎቶ ለማየት ቆርጦ የተነሣ ሰው ከላይ ወደ ታች ሲመጣለት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ መጀመሪያ የቤቱ ኮርኒስ፣ ከዚያ የልጁ ፀጉር፣ ከዚያ ግንባሩ። ዓይኑ ላይ ሲደርስ ኮዱ ያለቀበት ሰው አይቻለሁ። እስከሚቀጥለው ሳምንት ያንን ግማሽ ፊት እየከፈተ ያይ ነበር።

ጊዜውም ክፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ወደ 400,000 የሚገመቱ መርከበኞች፣ በኮሮና ምክንያት ወደቦችና ድንበሮች ተዘግተውባቸው፣ ኮንትራታቸው አልቆ እንኳን ከመርከብ መውረድ አልቻሉም ነበር። በእኛም መርከብ ከፈረሙት ጊዜ በላይ የቆዩ ነበሩ። ወደብ ብንደርስ መሬት የሚረግጥ የለም። ናፍቆት ሰውን ወዴት እንደሚገፋ የምናውቅበት ምሳሌም በቅርቡ ነበረን። እ.ኤ.አ. ጁላይ 25 ቀን 2020 ዋካሺዮ የምትባል የጭነት መርከብ ሞሪሸስ ዳርቻ ኮራል አለት ላይ ወጣች። የተከራያት የጃፓን ድርጅት በኋላ እንደገለጸው፣ ከደሴቲቱ 22 የባሕር ማይል ርቃ እንድታልፍ የታቀደው ጉዞ ወደ 5 ማይል ተቀንሶ ነበር፤ በዕለቱ ደግሞ መርከበኞቹ ወደ 2 ማይል ሊያስጠጓት ሞከሩ። የፈለጉት የስልክ ኔትወርክ ነው። ወደ 1,000 ቶን የሚጠጋ ነዳጅ በዚያ ንጹሕ ባሕር ላይ ፈሰሰ። ካፒቴናችን ይህንን በደኅንነት ስብሰባ ላይ አነበቡልን፤ ለስልክ ተብሎ መርከብ ከመንገዷ አትወጣም አሉ። እኔም ከፊት ወንበር ተቀምጬ ራሴን ነቀነቅሁ። በሰዎቹ ፈረድሁ።

የመጀመሪያ ልጄ የተወለደው እኔ ባሕር ላይ እያለሁ ነው። ወንድ ነው፤ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሣል። ባለቤቴ ቀኑን ስትነግረኝ ቪዲዮ እንደማይቻል ታውቅ ነበርና ምንም አልጠየቀችኝም። ካፒቴኑን ብጠይቅ ይፈቅዱልኝ ነበር። ይህን በእርግጠኝነት የምናገረው፣ ከዚያ በፊት ለወጥ ቤቱ ሠራተኛ የወንድሙን ሠርግ እንዲያይ ከሥራው መስመር ላይ ሰዓት ስለሰጡት ነው፤ መስመሩን ያቀናሁለት እኔው ነኝ። አልጠየቅሁም። ለምን እንዳልጠየቅሁ ደጋግሜ መርምሬዋለሁ፤ የማገኘው አንድ መልስ ነው። ቁልፉ በእጄ ስለነበር፣ መጠየቅ ልመና መስሎ ታየኝ።

በሞተር መቆጣጠሪያ ክፍል ተበላሽቶ የተነሣ ኮምፒውተር ነበር። ስሙ ግን ገደብ ከሌለባቸው የሥራ መሣሪያዎች ዝርዝር ላይ ሳይሰረዝ ቀርቷል። ላፕቶፔን በእሱ ስም አስገባሁት። ሻይ ተጠጥቶ በሚያልቅበት ጊዜ ተጠናቀቀ።

ክርስትናውን አየሁ። የባለቤቴ ወንድም ስልኩን ይዞ ቆሟል። ቄሱ ሲያጠምቁት፣ ማዕተቡ ሲታሰርለት፣ እናቴ ነጠላዋን ዘርግታ ስትቀበለው ከካቢኔ ሆኜ አየሁ። ሲያለቅስ አፉ ሲከፈት ይታየኛል፤ ድምፁ ዘግይቶ ይደርሳል። አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ አብሬው አለቀስሁ። ያን ሰዓት ዛሬም እወደዋለሁ፤ ኑዛዜዬን የሚያከብድብኝም ይኸው ነው።

ክርስትናው ሲያልፍ ላፕቶፑን ከዝርዝሩ ማውጣት ነበረብኝ። ነገ አወጣዋለሁ አልሁ። በነጋታው ልጄ ገላውን ሲታጠብ አየሁት፤ በሚቀጥለው ሲተኛ። ከዚያ ኳስ ማየት ጀመርሁ። ከዚያ ተከታታይ ፊልም። ላፕቶፑ ቀንና ሌሊት ኬብል ላይ ተሰክቶ ይውላል፣ ያድራል፤ እኔ ሞተር ክፍል እያለሁም ሥራውን አላቆመም። የስልኬን ፎቶና ቪዲዮ በራሱ ወደ ማከማቻ ይጭናል፤ የራሱን አፕዴት ያወርዳል። ይህንን እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር ልል አልችልም። ማወቅ ሥራዬ ነው። የሌሎቹን ላፕቶፕ አፕዴት እንዳያወርድ አድርጌ የማስተካክልላቸው እኔ ነበርሁ።

በሞተር ክፍል አንድ ፊሊፒናዊ ኦይለር ነበሩ። ኦይለር ማለት በየሰዓቱ በሞተሮቹ መካከል እየተዘዋወረ ዘይታቸውንና ሙቀታቸውን የሚያይ፣ የሚመዘግብ፣ የሚያጸዳ፣ ከኢንጂነሮቹ በታች ያለ ሠራተኛ ነው። ዕድሜያቸው ከሃምሳ አይርቅም። በማዕረግ ስለምበልጣቸው "ሰር" ይሉኛል፤ እኔ በልቤ ጋሼ ነበር የምላቸው። ከሰው ጋር ብዙ አይጫወቱም፤ ስለ ልጃቸው ከተነሣ ግን አያቆሙም። የመጀመሪያ ልጃቸው ሁለተኛ ደረጃ ትጨርስ ነበር፤ ከክፍሏም የተሻለ ውጤት ካመጡት አንዷ ናት። በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቷ የምረቃ ሥነ ሥርዓቱን በኢንተርኔት ሊያደርግ ወሰነ። ሌላው ወላጅ በዚህ አዝኗል። እሳቸው ግን እንደዚያ ሲደሰቱ አይቻቸው አላውቅም። የልጆቻቸው ልደት፣ ቁርባን፣ የትምህርት ቤት በዓል ሁሉ ባሕር ላይ ሆነው አልፏቸዋል። "ዘንድሮ አባት ሁሉ እንደ እኔ ነው" አሉኝ፤ "ሁሉም በስክሪን ነው የሚያየው።"

የኮድ ወረቀቶቻቸውን ሳይከፍቱ አጠራቀሙ። በነዚያ ሳምንታት ወደ ቤታቸው የሚልኩት አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ ነበር፤ ደኅና ነኝ፣ በርቱ። ላፕቶፓቸውን ወደ እኔ አመጡት። አሮጌ ነው፤ ማጠፊያው ተሰብሮ በጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ታስሯል፤ ዋይፋዩ የሚይዘው ከመሣሪያው ሥር ሲቀመጥ ብቻ ነው። ከዕቃ ክፍሉ ትርፍ መቀበያ አውጥቼ ሰካሁለት፣ አቧራውን አራገፍሁለት፣ የማያስፈልገውን ፕሮግራም ሁሉ ዘጋሁለት። በማግስቱ ከአገራቸው ያመጡትን አንድ እሽግ የደረቀ ማንጎ ካቢኔ ድረስ አመጡልኝ። አልቀበልም ብል ይቀየማሉ ብዬ ተቀበልሁ። ማንጎውን የበላሁት ያ ላፕቶፔ ከፊቴ ተከፍቶ ኳስ እያየሁ ነው።

የምረቃው ቀን ደረሰ። የአፍሪካን ደቡባዊ ጫፍ ዞረን ሕንድ ውቅያኖስን እያቋረጥን ነበር። ሥነ ሥርዓቱ ሁለት ሰዓት ሲቀረው፣ መስመሩን ልሞክር ብለው መመገቢያ ክፍል ገቡ። ነጭ ሸሚዝ ተኩሰው ለብሰዋል፤ ከታች የሥራ ሱሪያቸውን እንደለበሱ ነው፤ ከምረቃው በኋላ ተረኛ ናቸው። ገጹ አልከፈት አላቸው። ጠሩኝ።

ራውተሩን ስከፍት የወሩ ኮታ አልቋል፤ ፍጥነቱ ጽሑፍ እንጂ ምስል ወደማያሳልፍበት ወርዷል። በተጠቃሚዎች ዝርዝር አናት ላይ ያ የተነሣ ኮምፒውተር ስም ተቀምጧል። የበላው ከሌላው ሠራተኛ ሁሉ ድርሻ ተደምሮ ይበልጣል።

እዚህ ላይ ቀስ ብዬ ልናገር። መፍትሔ ነበረ። ካፒቴኑ በሳተላይት ስልክ ለአገልግሎት ሰጪው ደውለው ተጨማሪ ዳታ ቢያዝዙ መስመሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይመለስ ነበር፤ ከዚያ በፊት ለመርከቧ ጉዳይ ሲደረግ አይቻለሁ። ለእኚህ ሰው ልጅ ምረቃ መሆኑን ሲሰሙ እንቢ የሚሉ ሰው አልነበሩም። ነገር ግን ወጪ ነው፤ ማን ጨረሰው ብለው ዝርዝሩን መጠየቃቸው አይቀርም። የመዘንሁት ይህንን ነው፤ በአንድ በኩል የሰውየው የልጅ ምረቃ፣ በሌላ በኩል የእኔ ስም። ጊዜው አጭር ነበር፤ ግን አሰብሁ። ደንግጬ ነው፣ ሳላስብ አፌ ላይ መጥቶ ነው ብል፣ በዋሸሁት ላይ መጨመር ይሆናል።

"አንቴናው ነው" አልኋቸው።

ሳተላይቱ ገና ከኋላችን በስተምዕራብ መሆኑን፣ መርከባችን ወደ ምሥራቅ ስትሄድ የጭስ ማውጫው ግንብ መሃል እንደሚገባ አስረዳኋቸው። አንዱን እጄን ጨብጬ ግንቡን፣ ሌላውን ዘርግቼ ሳህኑን ሆንሁላቸው። ዓይናቸውን ከእጄ ሳያነሡ ሰሙኝ።

"እስከ መቼ ነው፣ ሰር?"

"አቅጣጫ እስክንቀይር።"

ትንሽ ዝም አሉ። "ካፒቴኑን ብለምናቸው፣ ጥቂት ዲግሪ ቢያዞሩልኝስ? ለአንድ ሰዓት?"

ይህንን አልጠበቅሁም ነበር። ካፒቴኑ ዘንድ ከሄዱ ደግሞ ነገሩ ይወጣል። "ለኢንተርኔት ተብሎ መርከብ አይዞርም" አልሁ፤ "የዋካሺዮን ነገር ሰምተው የለም እንዴ?"

"እውነትዎን ነው" አሉኝ። "ስለሞከሩልኝ አመሰግናለሁ።"

የዚያችን መርከብ ስም እንደዚያ አድርጌ በአፌ መጥራቴ ከሁሉ በላይ ያሳፍረኛል። እሳቸው የፈለጉት ስሕተት አልነበረም፤ ሊጠይቁ የነበረው የሚፈቅድላቸውን ሰው፣ በወጉ፣ በቀን ብርሃን ነው። እኔ ለልጄ ክርስትና ያላደረግሁትን ማለት ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ከለከልኋቸው፣ መጠየቃቸው ነውር እንዲመስላቸውም አደረግሁ።

ሄዱ ብዬ ነበር፤ አልሄዱም። ላፕቶፑን ፊታቸው ከፍተው፣ አቅጣጫ ይቀየር ይሆናል ብለው፣ ሥነ ሥርዓቱ እስኪያልቅ ተቀመጡ። ስክሪኑ ላይ የምትሽከረከረው ክብ አላቆመችም። የመሣሪያ ቦርሳዬን ይዤ በበሩ በኩል አለፍሁ፤ ተመልሼም አለፍሁ። ሰዓቱ ሲደርስ ሸሚዛቸውን አውልቀው በጥንቃቄ አጠፉት፤ ቱታቸውን ለብሰው ወደ ሞተር ክፍል ወረዱ።

ያን ማታ ላፕቶፔን ከዝርዝሩ አወጣሁ፤ የአጠቃቀሙን መዝገብም አጠፋሁ። ሌሎቹ ስለ መስመሩ ማጉረምረም ሲጀምሩ ካፒቴኑ ጠየቁኝ፤ ለእሳቸውም ያንኑ ነገርኋቸው። እሳቸው ለድርጅቱ ጻፉ፤ የአንቴና መጋረድ ተብሎ በመርከቧ የደብዳቤ መዝገብ ውስጥ ገባ። አዲሱ ወር ሲገባ መስመሩ ተመለሰ። አቅጣጫችንም በአጋጣሚ በዚያው ሰሞን ተቀይሮ ነበርና ሁሉም የሰማውን አመነ።

ኦይለሩ ግን ማመን ብቻ አልበቃቸውም፤ ሠሩበት። ሞተር ክፍል ለሙቀት መመዝገቢያ ከምንጠቀምባቸው ደብተሮች አንዱን አውጥተው በመስመር ከፋፈሉት። በአንደኛው ዓምድ ቀኑ፣ በሁለተኛው መርከቧ የምትሄድበት ዲግሪ፣ በሦስተኛው መልእክታቸው ማለፍ አለማለፉ። ዲግሪውን የሚያገኙት ከብሪጅ ጥበቃ የሚወርዱትን መርከበኞች በመጠየቅ ነው። የቁጥር አጻጻፋቸው የሚያምር፣ እንደ ታተመ ነው። ምግብ ላይ አጠገቤ ይቀመጡና ያሳዩኛል፤ "ሰር፣ በ065 ያልፋል፣ በ080ም አለፈ፤ ያን ቀን ለምን አላለፈም?" ይሉኛል። እኔ ደግሞ መልስ አለኝ። አንድ ቀን ማዕበሉ ነው አልሁ፤ አንድ ቀን ሳተላይቱን የቀየርንበት ሰዓት ነው አልሁ። እሳቸውም ይጽፉታል። ለቤታቸው የሚደውሉበትን ቀን በዚያ ደብተር ይመርጡ ጀመር። መስመሩ ደኅና በሆነበት ቀን፣ ደብተሩ አያልፍም ስላላቸው ብቻ ሳይሞክሩ ሲተኙ አውቃለሁ። ስርቆቱ ወሩ ሲያልቅ አብሮ አልቋል። ውሸቱ ግን በእሳቸው እጅ ጽሑፍ እየተጻፈ ቀጠለ፤ አንድ ቃል ተናግሬ ላቆመው የምችልበት ማዕድ በየቀኑ ነበረ።

ተተኪ ተገኝቶላቸው ሲንጋፖር ላይ ወረዱ። ጀልባው ሳይመጣ ሊሰናበቱኝ ካቢኔ መጡ። ደብተሩን ሰጡኝ። "ለሚመጣው ኦይለር ይስጡልኝ" አሉኝ፤ "እሱም ልጆች አሉት ብለውኛል።" አልሰጠሁትም። ሻንጣዬ ሥር ከተትሁት፤ ከመርከብ ወደ መርከብ አብሮኝ ዞረ።

ከዚያ ወዲህ ባሕሩ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ስታርሊንክ ወደ መርከቦች ገባ፤ ሳተላይቶቹ ወደ 550 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆኑ የንግግሩ መዘግየት ጠፋ። በዚያው ዓመት የባሕር ሠራተኞች የሥራ ስምምነት ተሻሽሎ፣ ባለ መርከቦች በተቻለ መጠን ለሠራተኞቻቸው ኢንተርኔት እንዲያቀርቡ፣ ቢያስከፍሉም ዋጋው ተመጣጣኝ እንዲሆን የሚለው ገባበት፤ ከዲሴምበር 23 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። አሁን ባለሁባት መርከብ ሰው ካቢኑ ውስጥ ተኝቶ ከልጆቹ ጋር በቪዲዮ ይጫወታል። ይህንን ሳይ ደስ ይለኛል፤ ከልቤ ነው። ራውተሩ ግን ዛሬም በአንድ ሰው እጅ ነው፣ በብዙ መርከብም ያ ሰው ኢቲኦው ነው። የሚበቃ ዳታ ሲኖር የማንም ታማኝነት አይፈተንም፤ የሚፈተነው ሲያንስ ነው፣ ውቅያኖስ መሃል ደግሞ አንድ ቀን ማነሱ አይቀርም። እኔ የካፒቴኑን ፈቃድ አግኝቼ፣ ማን ምን ያህል እንደተጠቀመ የሚያሳየውን ዝርዝር በየሳምንቱ አትሜ መመገቢያ ክፍል እለጥፋለሁ፤ የእኔ ላፕቶፕ በእኔ ስም አለበት። ከእኔ በኋላ የሚመጡ የባሕር ዳር ልጆችም ይህንኑ ቢያደርጉ እወዳለሁ።

ባለፈው ዓመት ለዕረፍት አገሬ ገብቼ ለንስሐ አባቴ ተናገርሁ። ስለ ሳተላይት ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ እሳቸው የጠየቁኝ ሌላ ነው።

"ሰውየው በሕይወት አለ?"

"አሉ፣ አባ።"

"የት እንዳለ ታውቃለህ?"

"ስልካቸው አለኝ።"

"ታዲያ ወደ እኔ ምን አመጣህ? መጀመሪያ ለእሱ ንገረው። ከዚያ ና፣ ቀኖናህን እሰጥሃለሁ።"

ያን ማታ ጽፌ ላክሁላቸው። ጥፋቴን ላለማሳነስ ስለ ክርስትናው ዝም አልሁ፤ ምክንያት እንዳይመስልብኝ። መልሳቸው በማግስቱ መጣ፣ አንድ ጥያቄ ነበር፤ "አንቴናው ደኅና ነበር ማለት ነው?"

"ደኅና ነበር" ብዬ መለስሁ። "ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደኅና ነበር።"

ከዚያ ለብዙ ቀን አልጻፉልኝም። ሲጽፉ ስለ ራሳቸው አላነሡም። "ይህንን ለልጄ ንገራት" አሉኝ፤ "ሰር" የሚለውን ትተውት ነበር። ቁጥሯን ላኩልኝ።

አሁን ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ደወልሁላት፤ ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። የዚያን ቀን በስክሪኑ ጥግ በኩል የሚገቡትን ሰዎች ስም ስትከታተል ስሟ ተጠርቶ ማለፉን ነገረችኝ። በኋላ አባቷ ስለ ጭስ ማውጫውና ስለ ሳተላይቱ ሲያስረዷት አላመነቻቸውም። ሌላ መርከበኛ አባት ያላት የክፍል ጓደኛዋ፣ አባቷ ከውቅያኖስ መሃል ሆነው ምረቃውን ሲከታተሉ አይታለች። "ተኝቶ ያለፈው መሰለኝ" አለችኝ። "አባቴ የዋሸኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ደግሞ ደጋግሞ ያንኑ ነገር ይነግረኛል፤ በእጁ እያሳየ።"

እናቷም እንደዚያው ያምኑ ነበርና የነገርኋትን በጽሑፍ እንድሰጣት ጠየቀችኝ። አንድ ገጽ በእንግሊዝኛ ጻፍሁላት፤ ሙሉ ስሜን፣ የመርከቧን ስምና ቀኑን አስገብቼ ፈረምሁበት። ያንኑ ገጽ ለዚያን ጊዜው ካፒቴንና ለድርጅቱ ላክሁ። ካፒቴኑ አንብበውታል፤ መዝገቡን እንዲያርሙ እሳቸውም ለድርጅቱ ጽፈዋል። ድርጅቱ እስካሁን አልመለሰልኝም። ደብተሩን ወደ ማኒላ በሚሄድ መርከበኛ እጅ ለባለቤቱ ልኬዋለሁ።